ለባጃጅ ዝግ፣ ለገልባጭ ክፍት

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለው ቤታችን ዳገት ላይ ነው። አባቴ ቦታውን ሲመርጡ ጉልበታቸው ደህና ስለነበር ዳገቱ አላሳሰባቸውም። ሲጠየቁ «መኪና ይወጣዋል ወይ ብዬ ብቻ ነው ያየሁት» ይላሉ። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ከነተሳቢው የጭነት መኪና ሲነዱ ነው፤ በፊት በአሰብ መስመር፣ በኋላ በጅቡቲ። ቦታ የሚለኩትም በእርምጃ ሳይሆን በማርሽ ነበር። ቤታችንን ለሚጠይቅ እንግዳ «ጭነት ካለህ አንደኛ፣ ባዶ ከሆንክ ሁለተኛ ማርሽ» ብለው ነው የሚያስረዱት፤ እንግዳው በእግሩ የመጣ ቢሆንም እንኳ።

ጉልበታቸው ያለቀው ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው። «ክላች ነው የበላው» ይላሉ። ከዚያ ወዲህ ከዋናው አስፋልት እስከ በራችን ያለችው ቁራጭ መንገድ ትልቁ ጉዳያቸው ሆነች። ባጃጅ እስከ በር ከመጣ እሁድ ጸሎት ቤት ይሄዳሉ፤ ሲመለሱም ፒያሳ ጎራ ብለው ከድሮ ሾፌሮች ጋር ሻይ ይጠጣሉ። ካልመጣ ቤት ይውላሉ። መሀል የሚባል ነገር የለውም። እናቴ ካረፈች ወዲህ አብሬያቸው የምኖረው እኔ ስለሆንኩ፣ ባጃጅ ያልመጣ እሁድ ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ። ሱፋቸውን ከነከረባታቸው ለብሰው፣ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ እስከ ምሳ ድረስ በሩን ያያሉ።

ስለዚህ ሰፈሩ አዋጥቶ ኮብልስቶን ሊያነጥፍ ነው ሲባል ከሁሉም ይበልጥ የተደሰቱት እሳቸው ናቸው። ከዚያ በፊት መንገዳችን ጭቃ ነበር፤ ክረምት ሲገባ ባጃጆች ከታች ያወርዷቸውና ከጎረቤት ጋር ግራና ቀኝ ይዘን እናወጣቸው ነበር። ሠራተኞቹ አፈሩን ቆርጠው ጠጠር የበዛበት ሌላ አፈር ደለደሉ፤ በላዩ አሸዋ በተኑ፤ ከዚያ ጥርብ ድንጋዩን በመዶሻ እየመቱ አንድ በአንድ ደረደሩ። አባቴ ወንበር አስወጥተው በር ላይ ዋሉ።

«እቺ ጥርስ አውጥታለች፣ መልሳት» ይላሉ በከዘራቸው እየጠቆሙ።

«ጋሼ፣ የርስዎን የወለቀ ጥርስ ማን መልሶልዎት ነው?» አላቸው አንዱ አንጣፊ፤ ሲስቁ ከወንበራቸው ሊወድቁ ነበር።

ሲያልቅ ያማረ ነገር ነበር። ጠዋት ጠዋት ዝናብ ካጠበው በኋላ ከሐይቅ እንደ ወጣ ዓሣ ቅርፊት ያበራ ነበር።

በዚያው ሰሞን የቅሬው አዳራሽም ተጀመረ። ቅሬ የምንለው ለቅሶውንም፣ ድንኳኑንም፣ የሰፈሩን ጣጣ ሁሉ የሚይዘውን ማኅበር ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አባል ነው። አዳራሹ የሚሠራው ከእኛ ቤት በላይ፣ ዳገቱ ጫፍ ላይ ነበርና ድንጋይና አሸዋ የሚያመጣው ገልባጭ መኪና በአዲሱ መንገድ ማለፍ ሊኖርበት ነው። የቅሬው ሰብሳቢ ሐጂው አባላቱን እኛ በር ላይ ሰበሰቡ። አባቴ ወደ ስብሰባ መሄድ ስለማይችሉ ስብሰባው ወደ እሳቸው መጣ። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ የሆነውን የነገሩኝ ማታ አባቴ ናቸው። ያጎደሉትን ደግሞ ከመንገዱ ሥር ሱቅ ያላት ጎረቤታችን ሞላችልኝ፤ እሷ ነገር አታስቀርም።

«ያ ጀማዓ» አሉ ሐጂው፣ «መንገዳችን ገና አራስ ነው፤ ክረምቱም መጣ። ማን ይለፍበት፣ ማን ይቅር?»

«ባጃጅ ይቅር!» አለች ባለሱቋ። «እየዘለሉ ድንጋዩን ነቃቅለው ነው የሚጨርሱት። ቀኑን ሙሉ ትርርር! ሕፃን ማስተኛት እንኳ አቃተን እኮ።»

«ገልባጩስ?» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

ሁሉም ወደ አባቴ ዞረ። የመኪና ነገር ሲሆን የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። ከዘራቸውን ድንጋዩ ላይ መታ መታ አደረጉ።

«ገልባጭ አይጎዳም» አሉ። «ዳምጠው ምንድነው? ከባድ ነው፣ ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ መንገዱን ያጠብቀዋል። ገልባጩም ያው ነው። ድንጋዩን አሸዋው ላይ ያደላድልላችኋል፤ ያውም በነፃ። የሚነቅለው ባጃጅ ነው፤ ቀላል ስለሆነ ይነጥራል።»

መንገድ ሲሠራ አፈሩን እየረገጠ የሚያጠብቀውን ባለብረት ጎማውን ዳምጠው ያላየ ሰው እዚያ አልነበረም። ነገሩ እዚያው አለቀ። ሐጂው ብቻ አባቴን አይተው «እርስዎስ? ያለ ባጃጅ በምን ሊወርዱ ነው?» አሏቸው።

«እኔ ክረምቱን እታገሣለሁ። እስከ መስከረም አይደል? መንገዱ ይጽና፤ እኔ የትም አልሄድም።»

«ወላሂ፣ ትልቅ ሰው ነዎት!» አሉ ሐጂው። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። በማግሥቱ ታች፣ ከአስፋልቱ መገናኛው ላይ፣ ሁለት የብረት ቋሚ ተተክሎ ሰንሰለት ተዘረጋ። ገልባጭ ሲመጣ ባለሱቋ ወጥታ ትከፍታለች፤ ባጃጅ ሲመጣ በእጇ «ተመለስ» ትላለች።

አባቴ ይህን ሲነግሩኝ ፊታቸው በርቶ ነበር፤ ጭብጨባውን ሁለቴ አነሱልኝ። እኔ ደግሞ የምናገረው ነገር ነበረኝ።

ትምህርት የገባሁት ዘግይቼ ነው። እናቴ ታማሚ ነበረች፣ አባቴ መንገድ ላይ ናቸው፤ ታናናሾቼን ማሳደግ ለእኔ ወደቀ። ፊደል የለየሁት አባቴ ከጋቢና በሚያመጧቸው፣ ፀሐይ ባጠወለጋቸው ጋዜጦች ነው። የማታ ትምህርት ስጀምር አብረውኝ የሚቀመጡት «እትዬ» ይሉኝ ነበር። ዘግይቶ የተማረ ሰው አንድ አመል አለው፤ የተማረውን ነገር በዋዛ መያዝ አይችልም። በኋላ ኮምቦልቻ ኮሌጅ ገብቼ የመንገድ ሥራ ተማርኩ፤ አሁን የምሠራው የጭነት መኪኖች በሚመዘኑበት ሚዛን ጣቢያ ነው። አባቴ ሥራ ማግኘቴን የሰሙ ቀን «ዕድሜዬን ሙሉ ከሚዛን ስሸሽ ኖሬ፣ ሚዛኑን ከቤቴ ወለድኩት!» ብለው ጮኹ። ከዚያ ወዲህ ስሜ እሜቴ ሚዛን ሆነ።

«አባዬ፣ ገልባጩ መንገዱን አያጠብቀውም። ይሰብረዋል» አልኳቸው።

«እሜቴ ሚዛን መጣች» አሉ እንጀራቸውን እየቆረሱ።

ከመስኮቱ ሥር የወደቀ የሽቦ ቁራጭ አነሳሁ። «ይሄን አንዴ ባጥፈው ይሰበራል?»

«አይሰበርም።»

«ወዲያና ወዲህ ደጋግሜ ባጥፈውስ?»

«ይሰበራላ።»

«መንገድም እንደዚያ ነው። መኪና ባለፈበት ቁጥር ጥቂት ይጎብጥና ይመለሳል። ቀላል ሲያልፍ ከቁም ነገር አይገባም። ከባድ ሲያልፍ ግን ጉዳቱ እንደ ክብደቱ አይደለም የሚያድገው። ጎማዎቹን የያዘው አንዱ አክስል የሚሸከመው እጥፍ ቢሆን ጉዳቱ እጥፍ አይሆንም፤ ሁለት ጊዜ ሁለት፣ ጊዜ ሁለት፣ ጊዜ ሁለት ነው። አሥራ ስድስት።»

«ማነው እንዲህ ያለው?»

«ተለክቶ ነው አባዬ። መንገድ ተሠርቶ፣ መኪና ተመላልሶበት፣ ተለክቶ። የትንሽ መኪና አክስል አንድ ቶን ነው እንበል፤ አንድም አይሞላም፣ ግን እንበል። የገልባጩ የኋላ አክስል አሥር ተሸክሟል እንበል። አሥር ጊዜ አሥር፣ ጊዜ አሥር፣ ጊዜ አሥር። አንድ ማለፉ እንደ አሥር ሺህ ትንሽ መኪና ማለፍ ነው። ባጃጅማ ከትንሽ መኪናም ያነሰ ነው።»

አባቴ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «አሥር ሺህ! እንግዲያው እኔ እንደተመላለስኩበት ከሆነ ሐረጎ እስከ ዛሬ በቦታው መገኘቱ ተአምር ነው!»

ሐረጎ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣው ጠመዝማዛ ዳገት ነው፤ በየቀኑ በሚኒባስ ወርጄ እወጣዋለሁ። ጠዋት ስወርድ መጽሐፍ አነባለሁ። ማታ ስወጣ ማንበብ አልችልም፤ ፊደሉ ይዘልብኛል። መንገዱ አንድ ነው፣ የተሠራውም በአንድ ጊዜ ነው፤ ፀሐዩም ዝናቡም ሁለቱንም ወገን ያገኛል። ልዩነቱ የጭነት መኪናው ከወደብ ጭኖ በአንደኛው ወገን መውጣቱ፣ ባዶውን በሌላኛው መውረዱ ነው። ይህንንም ነገርኳቸው። «ታዲያ የሚወጣው ወገን ብቻ ለምን ተቦረቦረ?»

«የከሰዓት ፀሐይ ያገኘዋላ» አሉ፤ ግን መሳቁን ትተው ነበር። ሽቦውን ከእጄ ወስደው አጠፉት፣ ዘረጉት። «ዳምጠውስ?»

«ዳምጠው የሚሄደው ድንጋዩ ከመደርደሩ በፊት ነው። አፈሩ ስስ ሆኖ ተነጥፎ፣ እርጥበቱ ተመጥኖ፣ አንዱ ሲጠብቅ ሌላው እየተደረበ። የእኛው ድንጋዩ ተደርድሯል። ከእንግዲህ በላዩ የሚሄድ ክብደት የሚያጠብቀው ነገር የለም፤ ሥሩ ደግሞ ዝናብ ሊጠጣ ነው።»

ሽቦውን መስኮቱ ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «እኔ እኮ ሰው ፊት ተናግሬያለሁ» አሉ።

ከዚያ በላይ አልገፋኋቸውም። ሐጂውን ግን ከመስጊድ ሲመለሱ ጠብቄ አነጋገርኳቸው። ቆመው፣ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው፣ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ብዙ የተማሩ ሰዎች እንደዚያ አልሰሙኝም።

«ልጄ፣ ያልሽው እውነት ሊሆን ይችላል» አሉኝ። «ግን አባትሽ በጉባዔ የተናገሩትን እንዴት አድርጌ ልሻር? ክረምቱን ሙሉ ቤት ሊውሉልን እሺ ያሉ ሰው ናቸው። ነገ ተነስቼ ተሳስተዋል ልበል? አብሽሪ፣ አዳራሹ ቶሎ ያልቃል፤ አላህ ያውቃል።»

ከሰፈሩ ውስጥ ነገሩን የጠረጠረ ሌላም ሰው ነበር፤ በኋላ ሰማሁ። ሁሉም ለአባቴ ክብር ሲል ዝም አለ። መንገዱን ያፈረሰው ገልባጩ መሆኑን አውቃለሁ። ያ ሁሉ መከባበር ግን ሰንሰለቱን እየከፈተ አሳለፈው። ዛሬም ድረስ ማንን እንደምወቅስ አላውቅም።

የመጨረሻው ሙከራዬ የገልባጩ ሾፌር ነበር። ደግ ሰው ነው፤ አባቴን «ፋዘር» ይላቸዋል።

«ጭነቱን ብትቀንሰው» አልኩት። «አክስሉ ላይ የሚያርፈው በግማሽ ቢቀንስ፣ ምልልስህ እጥፍ ሆኖ እንኳ ጉዳቱ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል።»

«እህቴ፣ የዚያን የእጥፉን ነዳጅ አንቺ ትሞዪልኛለሽ?» ብሎ ሳቀ። 

ክረምቱ ገባ። ገልባጩ ጠዋትም ከሰዓትም ይወጣል። ገና ከታች ሲነሳ ቁምሳጥኑ ላይ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርስ መንካካት ይጀምራሉ፤ አባቴ ከዘራቸውን ይዘው ወደ መስኮቱ ይጠጋሉ። ሾፌሩ ጥሩንባ ነፍቶ «ፋዘር!» ይላል፤ እሳቸው ከዘራቸውን ያነሳሉ። «ይሰማሻል? እያጠበቀው ነው» ይሉኝ ነበር መጀመሪያ አካባቢ። በኋላ ይህን ማለት ተዉ፤ ከዘራውን ማንሳት ግን አልተዉም።

እሁድ እሁድ ብቻዬን ጸሎት ቤት ሄጄ እመለሳለሁ። ስብከቱን እንድነግራቸው ይፈልጋሉ፤ ከስብከቱ በፊት ግን «ድንጋዩስ?» ይላሉ። ያየሁትን እነግራቸዋለሁ። መጀመሪያ ጎማ የሚሄድባቸው ሁለት መስመሮች ከሌላው ይልቅ ያብረቀርቁ ነበር። ከዚያ ውሃ መያዝ ጀመሩ። ከዚያ ገልባጩ ሲያልፍ በድንጋዮቹ መሀል ቀጭን ጭቃ ወደ ላይ ይወጣ ጀመር። የሥሩ አፈር በውሃ እየራሰ፣ በክብደቱ እየተጨመቀ፣ በየስንጥቁ እየወጣ ነበር። «ከሥር ጭቃ እየተፋ ነው» ስላቸው «አሃ» ብለው መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ገለጡ።

መስከረም ላይ ሰንሰለቱ ሲነሳ አባቴ ከነከረባታቸው በር ላይ ተቀምጠው ነበር። ባጃጅ ይዤ ከታች ተነሳሁ። ግማሹን እንኳ አልወጣንም። ባጃጅ ሦስት እግር ነው፤ የገልባጩ ጎማ የቆፈራቸው ሁለት ቦዮች ደግሞ እርስ በርስ ያላቸው ርቀት ለእሱ አይሆንም። አንዱ የኋላ እግሩ ቦይ ውስጥ ሲገባ ሌላው መሀሉ ጉብታ ላይ ይቀራል፣ የፊቱ አየር ላይ ይሆናል።

«እህቴ፣ ልገለበጥ ነው፤ ይቅርብኝ» አለ ባለባጃጁ። «ይሄ መንገድ እኮ ጭቃ እያለ ይሻል ነበር።»

አባቴ ከላይ ሆነው ባጃጇ ወደ ኋላ ስትመለስ አዩ። ወጥቼ አጠገባቸው ስደርስ ከረባታቸውን ፈትተው ነበር።

ያ ዓመት እንደዚያው ሄደ። ቅሬው አዳራሹ ሳያልቅ ወደ መንገዱ መመለስ አልቻለም፤ አዳራሹ እንዲያልቅ ደግሞ ገልባጩ መመላለስ ነበረበት። በዚያ ዳገት የሚወጣ መኪና እሱ ብቻ ቀረ። በመጨረሻ ሾፌሩ ራሱ አንድ እሁድ ጠዋት በራችን ላይ ቆመ።

«ፋዘር፣ እኔ አወርድዎታለሁ። ይነሱ፣ ጸሎትዎ እንዳያመልጥዎ።»

ጋቢናው ከፍ ያለ ነው። ጎረቤት ተጠራርቶ አንዱ ከላይ ሲስብ፣ ሌላው ከታች ሲገፋ፣ ባለሱቋ «ቀስ በሉ! ሰው ነው እኮ፣ ሲሚንቶ አይደለም!» ትላለች።

«ሲሚንቶ ብሆን ይሻላችሁ ነበር» አሉ አባቴ ተንጠልጥለው፤ «አይናገርም።»

ከዓመታት በኋላ ጋቢና ውስጥ ተቀመጡ። በሁለቱ መሀል ስለነበርኩ ቀኝ እጃቸው ማርሽ ያለ ይመስል ወደ ባዶው ሲዘረጋና መልሰው ሲሰበስቡት አየሁ። ደስ ብሏቸው ነበር፤ ሾፌሩን «ፍሬኗ እንዴት ናት? ትይዛለች?» እያሉ ይጠይቁታል። ጥቂት እንደወረድን ግን ወደ መስታወቱ ተጠጉ። ከዚያ ከፍታ ላይ ሆኖ መንገዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይታያል። ይህን ያህል ጊዜ በእኔ አፍ ሲሰሙት የቆዩትን በዓይናቸው አዩት።

«አቁም እስቲ» አሉት።

ቆመ። ሁለቱ ቦዮች ጥቁር ሆነው፣ ድንጋያቸው ተገልብጦ፣ ወደ ታች ይወርዳሉ። መሀሉና ዳር ዳሩ፣ ጎማ ያልረገጠው ሁሉ፣ እንደ መጀመሪያው ቀን እንደ ዓሣ ቅርፊት ያበራል።

«እነዚህ ሁለቱ ብቻ ናቸው የገቡት» አሉ አባቴ።

«ዝናቡ ነው፣ ፋዘር» አለ ሾፌሩ።

«ዝናብማ ሁሉም ላይ ነው የዘነበው።»

 ከዚያ ሳያዩኝ፣ በመስታወቱ ወደ ፊት እያዩ፣ «ሐረጎም እንደዚሁ ነው፣ አይደል?» አሉኝ።

«አዎ፣ አባዬ።»

«እኔ እኮ መንገድ ሳገለግል የኖርኩ ነበር የሚመስለኝ» አሉ። ሾፌሩ የከፈተውን መዝሙር ዘጋው፤ ለምን እንደዘጋው አልጠየቅኩትም።

ከጸሎት በኋላ ገልባጩ ጸሎት ቤቱ በር ላይ እየጠበቀ ነበር። አባቴ ጋቢናው ላይ አልወጣም አሉ።

«ባዶውን ነው እኮ» አልኳቸው። «ባዶ ከሆነ ያን ያህል አይጎዳም።» እውነቴን ነበር የምናገረው።

«አውቃለሁ፤ ነግረሽኛል። ግን እንደ ዕቃ እየተጫንኩ መኖር አልችልም። ደግሞ ያንን መንገድ ከላይ ሆኜ ደግሜ ማየት አልፈልግም።» ሾፌሩን ትከሻውን መታ መታ አድርገው አመሰገኑትና ሰደዱት። በዚያው ቀን በሚኒባስ ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ ታናሽ እህቴ ዘንድ አደረስኳቸው። ለሰሞኑ ነው ተባብለን ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ልብሳቸውን ወሰድኩ፤ በሚቀጥለው ወንበራቸውን። ለሰሞኑ ነው የሚለውን ሁለታችንም ማንሳት አቆምን።

አዳራሹ አልቋል። ሰፊ ነው፣ መስኮቶቹ ትልልቅ ናቸው፤ ቅሬው እዚያ ተቀምጦ መንገዱን እንዴት እንደሚያድስ ይመክራል። ሐጂው ባገኙኝ ቁጥር «አባታችን ሳያዩት!» ይሉኛል፤ ከልባቸው ነው የሚያዝኑት። ቤቱ ውስጥ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ገልባጩ መምጣት ስላቆመ ብርጭቆዎቹ አይንካኩም፤ ጸጥታውን ገና አልለመድኩትም።

የእህቴ ቤት ሜዳ ላይ ነው። ጸሎት ቤቱ ቅርብ ስለሆነ እሁድ በከዘራቸው ይደርሳሉ፤ እዚያ የድሮ ሾፌር ጓደኛ ግን የለም። ከሥራ ስወጣ ጎራ እላለሁ። አብዛኛውን ጊዜ በር ላይ፣ ከትልቁ መንገድ ዳር ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ። የሚያልፉትን መኪኖች ያያሉ፤ ሾፌሮቹን ግን አያዩም፣ ከዘራም አያነሱም። ዝቅ ብለው የኋላ ጎማውን ነው የሚያዩት።

«ያ ይታይሻል?» አሉኝ ባለፈው፣ አንድ ባለተሳቢ ወደ ሐረጎ ሲታጠፍ። «ጎማው ሆዱ ወጥቷል። ሚዛን ላይ አልወጣም መሰለኝ፤ ከልኩ በላይ ነው።»

«ሊሆን ይችላል» አልኳቸው። ሳይመዘን እርግጠኛ መሆን አይቻልም።

«ነው» አሉ። መኪናው ከዓይናቸው እስኪጠፋ ተከተሉት። ከዚያ እንደ ሁልጊዜው «ድንጋዩስ?» አሉኝ፤ እኔም እንዳለ ነው አልኳቸው።